በ«ኦልዞው» ላይ የጨመርኳት «በት»

ያቺን የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ባላገኛት ኖሮ ያንን ሳምንት እንደማንኛዋም እናት በጸሎትና በሆድ ቁርጠት አሳልፈው ነበር።

ዕለቱ እሁድ ነበር። ልጄ ቅዳሜ ዕለት ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች አንዴ ከገቡ የመጨረሻውን ፈተና ሳይጨርሱ አይወጡም። ስልክ አይያዝም፣ ዘመድም ገብቶ አይጠይቅም። ባለቤቴ ጸሎት ቤት ሄዷል። እኔ ሰው መሃል ቁጭ ብዬ መዘመር ስላልሆነልኝ ቤት ቀረሁ። ስጨነቅ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ሰሃን አጠብኩ፣ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ፣ ከዚያ የልጄን አልጋ ላነጥፍ ገባሁ። ፍራሹን ሳነሳ ከሥሩ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሸጡት የእንግሊዝኛ መለማመጃ ጥያቄ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ይህ ፈተና ለልጄ ሁለተኛዋ ነው። ባለፈው ዓመት ለማለፍ ጥቂት ነጥብ ጎደላት። ያጎደላት ሒሳብ ቢሆን ደግ ነበር፤ እንግሊዝኛ ነው። እኔ እናቷ ደግሞ እዚሁ ከተማ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ጎረቤቶቻችን ፊቴ ላይ ምንም አላሉም፤ ከኋላዬ ያሉትን ለማወቅ ግን ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ዘንድሮ በግል ስትመዘገብ ቁርጧን ነገረችን። «ሦስተኛ የለም። ካላለፍኩ ሥራ እፈልጋለሁ» አለች። እኔም በበኩሌ ቁርጤን ነገርኳት፤ «ዘንድሮ እንግሊዝኛውን እኔ ራሴ ነኝ የማስጠናሽ።»

ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር ግቢያችን ያለው የሽፈራው ዛፍ ሥር ወንበር እያወጣን ተቀመጥን። ንባብ ብቻዋን ታነባለች፤ ከእኔ ጋር የምትሠራው መስተጻምር ነው። መስተጻምር እወዳለሁ። ፈተናም ያለ መስተጻምር አይወጣም፤ ሁለት ግማሽ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡና መሃሉን ክፍት ትተው «ቢኮዝ» ነው፣ «አንለስ» ነው፣ «ሶ» ነው ብለው ልጁን ያስጨንቁታል። ከሁሉም አብልጬ ያስጠናኋት «ኦልዞው»ን ነው። ትርጉሙ «ምንም እንኳን» ነው፤ ጓደኛው ደግሞ «በት»፣ ማለትም «ግን»። «ኦልዞው ካየሽ መሃሉ ላይ በትን ፈልጊ» እላታለሁ። በየቀኑ ሃያ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች፤ በትን አንድም ቀን ሳትረሳ ትጽፍልኛለች። እኔም በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ» እላለሁ።

ይህ ሕግ ከየት እንደመጣ መናገር አለብኝ፤ ከመጽሐፍ አልመጣምና።

የተወለድኩት ዶርዜ ነው፤ አባቴ ሸማኔ ነበር። አማርኛን የተማርኩት በትምህርት ቤት ነው። እስከ ዛሬም ስናደድ ወንድና ሴት ይምታታብኛል፤ ልጄ «እማ፣ አባትሽ መጣች አልሽ እኮ» እያለች ትስቅብኛለች። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ እንድማር ወደዚህ ወደ አርባ ምንጭ ላኩኝ። ክፍሉ ውስጥ የሹማምንትና የመምህራን ልጆች ነበሩ። እነሱ ሲያወሩ ቃሉ እንደ ውሃ ይወርድላቸዋል፤ እኔ አፌን ስከፍት ይስቃሉ። ሳቁ ሲሰለቻቸው ደግሞ «የሸማኔ ልጅ» ይሉኛል። እኛ አገር ሸማኔ መሆን የሚያኮራ ነገር ነው፤ ስድብ መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

የአማርኛ አስተማሪያችን ከሰሜን የመጡ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን በ«ምንም እንኳን» ዓረፍተ ነገር እንድሠራ አስነሱኝ። «ምንም እንኳን ዝናብ ቢዘንብም ትምህርት ቤት መጣሁ» አልኩ። ስህተት እንደሌለው እርግጠኛ ነበርኩ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ግንን የት ጣልሻት?» አሉኝ። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። አስተማሪው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸውና «አንቺ እኮ የሸማኔ ልጅ ነሽ፤ ይህን ከዚህ ክፍል ሁሉ አንቺ ነሽ ማወቅ ያለብሽ። ምንም እንኳን ድሩ ነው፣ ግን ማጉ ነው። ያለ ማግ የተሠራ ጋቢ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«በይ ሸምኚው።»

«ምንም እንኳን ዝናብ ቢዘንብም፣ ግን ትምህርት ቤት መጣሁ» አልኩ። «እንዲህ ነው ሸማኔ!» አሉና አስጨበጨቡልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ቃል በዚያ ክፍል ስድብነቱ ቀረ። አስተማሪ ለመሆን የወሰንኩትም ያን ዕለት ይመስለኛል። በኋላ እንግሊዝኛ ሳስተምር «ኦልዞው» ስትመጣ ምንም አላሰብኩም፤ ድር ካለ ማግ አለ። ለተማሪዎቼ እጆቼን አጠላልፌ እያሳየሁ በድርና ማግ አስረዳኋቸው። ከትምህርቶቼ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነበር።

እንግዲህ ጥራዟን ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ልቤን ላረጋጋ ብዬ ጥያቄዎቹን ራሴ መሥራት ጀመርኩ። መልሶቹ መጨረሻው ገጽ ላይ አሉ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ «ኦልዞው» ታሞ ነበር ይልና፣ ክፍት ቦታ ይተውና፣ ትምህርት ቤት መጣ ይላል። ምርጫዎቹ «በት»፣ «አንድ»፣ «ሶ» ናቸው፤ የመጨረሻው «ምንም ቃል አያስፈልግም» ነው። ሳላመነታ «በት»ን ከበብኩ። መልሱን ሳይ «ምንም ቃል አያስፈልግም» ይላል።

ሳቅኩ። እነዚህ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ምኑን አውቀው ነው ብዬ መልሱን ሰርዤ በቀይ አረምኩት። ሃያ ሁለተኛው ላይ ያው ዓይነት ጥያቄ መጣ፤ ያው መልስ። እሱንም አረምኩት፤ እጄ ግን እንደ መጀመሪያው አልፈጠነም። ሃያ ሰባተኛው ላይ ሦስተኛው መጣ። አንዴ ቢሳሳቱ የጽሕፈት ስህተት ነው፤ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት የሚሳሳት ጸሐፊ ግን የለም።  እስክሪብቶውን አስቀምጬ ነጠላዬን አነሳሁ።

ላይኛው ሰፈር ሴቻ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር አሉ። በወጣትነታቸው ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ የከተማው መምህር ሁሉ ሲቸግረው የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። በሚኒባስ ወደ ላይ ወጣሁ። በረንዳቸው ላይ ሬዲዮ እያዳመጡ አገኘኋቸው። ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ጥራዟን ዘረጋሁላቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ መልስ ልክ ናት እንዴ?»

መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ልክ ናት» አሉ። «በቀይ ያበላሸው ማነው?»

«በት አያስፈልግም?»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። እንግሊዝኛ አንድ ማያያዣ ይበቃዋል። ኦልዞው ካለ በት የለም፤ በት ካለ ኦልዞው የለም።»

«በአማርኛ እኮ ግን…»

«አማርኛ ይችላል። አማርኛ ሆደ ሰፊ ነው፣ ሁለቱንም ይሸከማል» አሉና ሳቁ። ወዲያው ግን ኮስተር ብለው «ፈተና አውጪዎች ይቺን ጥያቄ ይወዷታል። የእኛ ልጆች የት እንደሚወድቁ ያውቃሉ» አሉኝ። «ማነው ልጆቹን እንዲህ የሚያስተምራቸው?»

ጥራዟን ሰብስቤ ያዝኩ። «አንዲት መምህር አለች» አልኳቸው።

«ምከሪያት እንጂ» አሉኝ።

ስወርድ ፊቴን ወደ ሚኒባሱ መስኮት አዙሬ እያለቀስኩ መጣሁ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልጄ እንግሊዝኛ ትፈተናለች። ጥያቄዋን ስታይ ዓይኗ በትን ይፈልጋል፤ እንድትፈልግ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ከዚያ የባሰ ሐሳብ ደግሞ ተከትሎ መጣ። ባለፈው ዓመትስ? ያቺን ጥቂት ነጥብ ያጎደልኩባት እኔ እሆን? ሕፃን ሆና ፊደል ስትቆጥር ጀምሮ «እማ ታውቃለች» እያለች ነው ያደገችው።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ከጸሎት ቤት ተመልሷል። ነገሩን ነገርኩት።

«አንዲት ጥያቄ ናት እኮ» አለ።

«ባለፈው ዓመት የጎደላትስ ስንት ጥያቄ ነበር?» ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ ሊያጽናናኝ ነበር። 

ወደ ልጄ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከደብተሯ ጥግ ጣት የምታህል ወረቀት ቀደድኩና «ከኦልዞው በኋላ በት የለም። እማ» ብዬ ጻፍኩ። ሳጥኗን ከፍቼ የሱፍ ሹራቧን አወጣሁና ወረቀቷን አጣጥፌ ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። ባለቤቴ ሹራቡን ታቅፌ ስወጣ ሲያየኝ ተነስቶ በሩን ከፈተልኝ።

በባጃጅ ዩኒቨርሲቲው በር ደረስኩ። ከእኔ ቀድመው የመጡ ጥቂት ወላጆች ቆመዋል። ከፊቴ ያሉት አባት ልጃቸው የረሳውን መነጽር ይዘው መጥተዋል። በሩ ላይ ያለችው ፖሊስ የመነጽሩን ቤት ከፈተች፣ መጥረጊያ ጨርቋን አወጣች፣ ዘርግታ ወደ ብርሃን አየቻት፣ ከዚያ የመነጽር ቤቱን ገልብጣ አራገፈችው። ይህን ሁሉ በትሕትና ነው የሠራችው። እኔ የሹራቡን ኪስ በእጄ ሸፈንኩ።

«እርስዎስ እናት?»

«ሹራብ ነው። ለልጄ።»

«በአርባ ምንጭ ሹራብ?» ብላ ሳቀች። ወላጆቹም ሳቁ። እውነቷን ነው፤ አንገቴ ላይ ላብ እየወረደ ነበር። «ካሉ እሺ፣ የልጅዎን ስም ይንገሩኝና አስገባልዎታለሁ» ብላ እጇን ዘረጋች።

ሹራቡን አልለቀቅኩም። ስንቱን ልጅ አጤሬራ ይዞ አግኝቼ ወረቀቱን ክፍል ፊት ቀድጄዋለሁ! «ሌብነት ከእርሳስ ይጀምራል» ብዬ ስንቱን ሰብኬዋለሁ! አሁን ይቺን ወረቀት ካገኟት የእኔን ጭንቀት ማን ያይልኛል? ልጄን ከፈተና አዳራሽ ያወጧታል። በአንዲት በት ፋንታ ሁሉንም ላሳጣት ነው የመጣሁት።

«ቀረ» አልኩ። «አይበርዳትም።»

«እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው» አለች ፖሊሷ።

በባጃጁ ስመለስ ወረቀቷን ከኪሱ አውጥቼ አኘክኋት። ለምን እንዳልቀደድኳት አላውቅም። የእስክሪብቶው ቀለም ይመራል።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጓሮ ገብቼ ጎመን መሃል ተንበረከክሁ፤ አረም የምነቅል መስዬ። መጸለይ ፈልጌ ቃል አጣሁ። ዕውቀቷን አብራላት እንዳልል ያበላሸሁት ዕውቀቷን ነው። በመጨረሻ «ጌታ ሆይ፣ ለዛሬ እኔን አስረሳት» አልኩ። አንዲት እናት እንዲህ ብላ ትጸልያለች ብሎ ማን ያምናል።

ከሰዓት በኋላ መሳቢያዬን ከፍቼ የድሮ የፈተና ወረቀቶች ማገላበጥ ጀመርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉት ለእኔ ነው። በትን የተዉ ልጆች ነበሩ፤ ከእኔ ሕግ ይልቅ ጆሯቸውን የሰሙ። ሁሉንም በቀይ አጥፍቼባቸዋለሁ። አንዷን በደንብ አስታወስኳት። ከሰባትና ስምንት ዓመት በፊት መጽሐፏን ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ «ቲቸር፣ መጽሐፉ ላይ በት የለም እኮ» አለችኝ። ጎበዝ፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነበረች፤ ያን ያህል ለመራመድ ምን ያህል እንደተጨነቀች አሁን ነው የሚገባኝ። «መጽሐፉ ረስቶት ነው» ብዬ መለስኳት። ከዚያ በኋላ በትን ረስታ አታውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ወደቀች። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ሙዝ ትሸጣለች፤ ከእሷ ስገዛ ሁልጊዜ ምርቃት ትጨምርልኛለች።

ልጄ ሐሙስ ወጣች። ብርድ ልብሷን ተሸክማ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። ምግብ ሳትቀምስ ምንም ላልጠይቃት ለባለቤቴ ቃል ገብቼ ነበር። እቅፍ እንኳ ሳላደርጋት «ኦልዞው ነበረች?» አልኳት።

«ሁለት ነበሩ።»

«ምን መለስሽ?»

«ምንም ቃል አያስፈልግም የሚለውን።»

ከእጇ የተቀበልኩት ብርድ ልብስ ላይ ቁጭ አልኩ። ማልቀስም መሳቅም አምሮኝ ነበር። «ማን ነገረሽ?»

«ዘጠነኛ ክፍል ነው የተነገረን እማ።»

«ባለፈው ዓመትስ?»

«ባለፈው ዓመትም አውቃታለሁ። ያኔ የጣለኝ ንባቡ ነው፤ ሰዓት አለቀብኝ ብዬሽ አልነበር?»

ብላኝ ነበር። ያኔ ሰበብ መስሎኝ አልሰማኋትም። «ታዲያ ያ ሁሉ ቀን ሽፈራው ሥር በት እየጻፍሽ የሰጠሽኝስ?»

ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች፤ ቀና አላለችም። «ለፈተና ያለ በት፣ ለአንቺ ከነ በቷ» አለች።

ተናደድኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። «አሞኘሽኝ ማለት ነው!»

«አላሞኘሁሽም። ስለዚያ አስተማሪሽ፣ ስለ ድርና ማጉ ስትነግሪኝ ፊትሽ ምን እንደሚመስል አይተሽው አታውቂም። እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አሳዘንሽኝ እማ።»

ብታሞኘኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ ዓሣ ጠብሶ ጠብቋት ነበርና አባትና ልጅ በሉ። እኔ ሳህን አጠብኩ።

ውጤት ሲወጣ አለፈች፤ ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ዋናው ሸክም ከላዬ ወረደ፤ እንቅልፌ ግን አልተመለሰም። ልጄን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ጥሩ መምህር ደረሰላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኳቸውን ሁሉ የሚደርስላቸው አግኝተዋል ብዬ እንዴት ልመን? «አንዲት መምህር አለች» ብዬ ጋሼን እንደዋሸኋቸው፣ ነገሩን ዝም ብዬ አርሜ በአዲስ ደብተር ልቀጥል እችል ነበር። የሚጠይቀኝም አልነበረም።

መስከረም ላይ ስምንተኛ ክፍል ገብቼ ያቺን የታመመውን ልጅ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። መሃሉ ላይ «በት» ጨመርኩ። ከዚያ በዳስተር አጠፋኋት። «ይቺን ለብዙ ዓመት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ስህተት ነው» አልኳቸው።  አስተማሪ ሲሳሳት አይተው ያውቃሉ፤ ስህተቱን ሲናገር ግን አልሰሙም። «የቤት ሥራ አላችሁ። ታላላቆቻችሁን አስተምሬ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ይህንን ንገሯቸውና የሚሉትን ነገ አምጡልኝ።»

በማግስቱ እጆች ወጡ። የአንዱ ወንድም «አውቃለሁ በላት» ብሏል። የሌላው «እንዴ፣ እስከ ዛሬ አላወቀችም?» ብሎ ስቋል፤ ክፍሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን ግማሽ ድረስ አንስታ መልሳ አወረደች። ተነሺ አልኳት። ስትቆም ዓይኗን አወቅኩት፤ የዚያች የሙዝ ነጋዴዋ እህት ናት። አንድ ክፍል ሆነን ስንት ቀን ስንገናኝ አላስተዋልኳትም።

«እህትሽ ምን አለችሽ?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «መጀመሪያ የቀረውን ሙዝ መቁጠር ጀመረች ቲቸር። ከዚያ…»

«ንገሪኝ፤ አልቆጣም።»

«ምንም እንኳን ቢዘገይም፣ ግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት አለችኝ።»

ወደ ሰሌዳው ዞርኩና የሌለ ነገር ማጥፋት ጀመርኩ። ድሩም ማጉም ነበረበት፤ በአማርኛ አንድም ስህተት የለውም።